ለእንግዳ አንድ ፍሬ ዘቢብ

ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ከጀመረ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት እጄን ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴ ልብ ብዬው አላውቅም።

ሂና እስላለሁ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ሙሽሮች እግር ሥር ቁጢጥ ብዬ አይና፣ ቤት ስመለስ የታናሽ ወንድሜን እጅ በከሰል እስከ ክርኑ አሳምርለታለሁ። እናቴ እሱን በሳሙና፣ እኔን በቁንጥጫ ታጥበናለች። የክርስቲያን ልጅ ሂና መሳሏ ሌላ አገር ይገርም ይሆናል። ድሬዳዋ ግን ማን የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ የሚለየው በበዓል ጠዋት ብቻ ነው፤ እሱም ምሳ ሲቀርብ ይቀላቀላል።

ድሮ ሙሽራ እጇን ትሰጠኝና «እንደመሰለሽ» ትለኛለች። እኔም እያወራሁ እስላለሁ። አፌ ሲሄድ እጄ ይሄዳል። አሁን ሙሽራዋ እጇን ከመስጠቷ በፊት የምትሰጠኝ ስልኳን ነው። «ይቺን! ልክ እንደዚችው! ይቺ ቅጠል እዚህ ጋ ነው የምታልቀው፣ አየሽ?» እህቷ ከጎን ትቀርጻለች፣ አክስቷ ከላይ ትቀርጻለች። አንድ ወሬ ልጀምር አፌን ስከፍት «እሽሽ! ድምፅሽ ይገባል» ይሉኛል። ዱባይ ያለችው የአጎት ልጅ ደግሞ በቪዲዮ ገብታ «እሱ መስመር አልወፈረም?» ትላለች። እኔ በአፍንጫዬ ነክቼው ያላየሁትን ዱባይ ሆና አየችው!

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቀን ኮኗን፣ ሂናው የሚሞላባትን ቀጭን የላስቲክ ጥቅልል ማለቴ ነው፣ ሙሽራ እጅ ላይ ሳስጠጋት ጫፏ እንደ ዓሣ ጅራት ስትርገበገብ አየኋት። ደከመኝ ብዬ አረፍኩ። ተመልሼ ብይዛት ያው ናት። ከዚያ እንቅልፌ ሄደ። ከዚያ ሻይ ሳላፈስ መያዝ አቃተኝ። እናቴ እንዳታይብኝ በላስቲክ ኩባያ፣ በሁለት እጄ፣ እንደ ሕፃን መጠጣት ጀመርኩ።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ፤ ግን አዴ ልጇን ልትድር ነው።

አዴ ጎረቤታችን ናት። እኛ ሰፈር ትልቅ ሴት አዴ ትባላለች፤ እሷ ግን ከሁሉም ትልቅ ስለሆነች አዴ ሲባል ሌላ ሰው ቀና አይልም። ትክክለኛ ስሟን ከቀበሌ በስተቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ልጇና እኔ በአንድ ሳፋ የታጠብን ነን። ደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ እጇን አስዘርግቼ ዙሪያውን በእንጨት አበባ እስልላት ነበር። «ሙሽራ ስትሆኚ ከኔ ሌላ ሰው አይነካሽም» ብያት፣ እሷም «ወላሂ» ብላኛለች። አሁን ሠርጉ ደርሷል፣ እጄ ደግሞ እንዲህ ነው። የሷን እጅ ካበላሸሁ ከዚያ በኋላ ኮን የምይዝበት ዓይን አይኖረኝም።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ መዳፌን ገለባበጠና «ጤነኛ ነሽ» አለኝ። ጤነኛ ነሽ ማለት መድኃኒቱን አላውቀውም ማለት ነው። ፋርማሲ የምትሠራ ጓደኛዬን ጠየቅኳት።

«ውጥረት ነው» አለችኝ። «ከዚራ ሰፈር ውጥረት ለበዛባቸው ወጣት ሴቶች ሥልጠና ሊሰጥ ነው። አእምሮን ማረጋጋት ያስተምራሉ። በነጻ ነው፤ ሻይም አለ።»

ሻይ ስትለኝ እጄን በኪሴ ከተትኩ።

ሥልጠናው ከዚራ፣ ድሮ የባቡር ሹሞች ይኖሩባቸው ከነበሩት ባለ ሰፊ በረንዳ ቤቶች በአንዱ ነበር። አሠልጣኟ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ልጅ ናት። ሹራብ ይዛለች። ድሬዳዋ ሹራብ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ከጎኔ የተቀመጠችው ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጥ፣ በአራት ቋንቋ የምትጮህ ሴት ነበረች። አሠልጣኟ በትሕትና ጎንበስ ብላ «እርስዎስ ሰውነትዎ ላይ ምን ይሰማዎታል?» አለቻት። ነጋዴዋ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ።

«ካንቺ ጋር።»

«ታዲያ አንቺ አትለኝም እንዴ! አቦ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ልታስረጀኝ ነው?»

እኛ ዘንድ እናትም አንቺ፣ አያትም አንቺ ናት። «እርስዎ» የሚለን ፖሊስና ባንክ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሲሉን እንደነግጣለን።

ጥሪው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ይሄን ሰዓት የመረጠው ሰው የድሬ ሰው እንዳልሆነ እምላለሁ። በስምንት ሰዓት ድሬዳዋ ውስጥ ነቅቶ የሚገኘው ቬንትሌተርና ፍየል ብቻ ነው። ሱቅ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ሥር ይቆማል፣ ሾፌሩ እግሩን በመስኮት ያወጣል። አሠልጣኟ ይሄን አታውቅም። ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችንና በዚያ ቅቤ በሚመስል ድምፅ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለችን። «ትንፋሻችሁን ብቻ ተከተሉት። ሲገባ እወቁት። ሲወጣ እወቁት።»

ተከተሉት፤ ተከትለውት ሄዱ። መጀመሪያ ከፊቴ የተቀመጠችው የባንክ ሠራተኛ አንገቷ ዘመመ። ቀጥሎ አንዷ ቀስ ብላ በጎኗ ተኛች። የታይዋኗ ሳትንገዳገድ፣ እንደተቀመጠች፣ አንኮራፋች። አሠልጣኟ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በደስታ አየቻቸው። እንዲህ ያለ መረጋጋት በመጀመሪያው ቀን አይታ እንደማታውቅ ፊቷ ላይ ተጽፏል። ለመናገር አንጀቴ አልቻለም።

ያልተኛሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አገር ሁሉ በተኛበት ሰዓት እጄ ጭኔ ላይ ብቻውን ይጨፍራል። አሠልጣኟ ዓይኗን ወደኔ ስትመልስ ከሽቲዬ ሥር ደበቅኩት። ሽቲ ማለት በሙቀት የምንለብሳት ስስ ሰፊ ቀሚስ ናት፤ ለአየር የተሠራች ናት እንጂ ለምስጢር አትሆንም። ያየችኝ መሰለኝ።

ሁሉም ሲነቁ ዘቢብ አመጣች። በየሶፍታችን ላይ አንድ አንድ ፍሬ አስቀመጠች።

ተያየን። ድሬዳዋ ሰው ቤት የገባ ሰው እንኳን አንድ ፍሬ፣ አንድ ሳህን ቢቀርብለት «ምን አስቀየምኳቸው?» ብሎ ነው የሚወጣው። የታይዋኗ ሶፍቱን አነሳች፣ ሌላ ፍሬ ሥሩ እንዳለ አየች፣ አስቀመጠችው።

«አንድ?» አለች።

«አንድ ፍሬ» አለች አሠልጣኟ ፈገግ ብላ።

«ለሁላችንም?»

«ለእያንዳንዳችን። ቅርጿን እናያለን፣ እንዳስሳታለን፣ እናሸታታለን፣ ከዚያ በጣም በቀስታ…»

«አባዮ፣ ስሚኝ እህቴ» አለች የታይዋኗ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ችግር ካለ አትፈሪ፣ ንገሪን። እናዋጣለን።»

የባንኳ ልጅ እጇን አወጣች። «ይቅርታ፣ እኔ ውጬዋለሁ። ደገም ይደረግልኝ?»

አሠልጣኟ የቤት ሥራም ሰጠችን፤ አንድ ምሳ፣ ሳናወራ፣ ስልክ ሳንነካ፣ እያንዳንዷን ጉርሻ እያጣጣምን እንድንበላ። ቀላል መሰለኝ።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ለምሳ ቀረብን። ምሳ ላይ ሁልጊዜ የማወራው እኔ ነኝ፤ እናቴ የምትበላው በወሬዬ እያጣቀሰች ነው። ያን ቀን ቆርሼ አየሁ፣ አሸተትኩ፣ በቀስታ አላመጥኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

ፈገግ አልኩ።

«ጨው በዛ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አነሰ?»

አሁንም ነቀነቅኩ። ስለ ሥልጠናው ልነግራት አልችልም፤ ከነገርኳት «ለምን ሄድሽ?» ትላለች፣ ከዚያ እጄን ማሳየት ይመጣል። ለእናቴ የነገርኩት ደግሞ የቡና ሰዓት ሳይደርስ አዴ ቤት ይገባል። ስለዚህ ማላመጤን ቀጠልኩ።

ልክ በዚያን ጊዜ አዴ ከአጥሩ ማዶ ተጣራች። «የኔ ሂና ሠዓሊ! አለሽ? ነገ ልጅቷ ዘንድ ብቅ በይ እንጂ!» ጉርሻው አፌ ውስጥ ነበር። ዋጥ እስካደርገው «ቤት የለችም መሰለኝ» ብላ ሄደች።

እናቴ እጇን ከትሪው አነሳች። አጥሩን አየች፣ እኔን አየች። «አሃ!» አለች።

ለውጭ ሰው ይሄን ማስረዳት አለብኝ። እኛ ሰፈር ሰው ዝም ካለ አኩርፏል። ካኮረፈ የነካው አለ። የነካው ካለ መታረቅ አለበት። ሌላ ዓይነት ዝምታ እኛ ጋ ገና አልደረሰም።

በማግስቱ፣ ሰፈሩ ከቀን እንቅልፉ ሲነሳ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። አዴ ናት፤ ሐልዋ በትሪ፣ አዲስ ሽቲ በፌስታል ይዛለች። ከኋላዋ የአፎቻ ሴቶች ተከትለዋታል። አፎቻ ማለት በደስታም በሐዘንም የምንሰባሰብበት ማኅበር ነው፤ ሲያስታርቁ ግን ሳይጨርሱ አይነሱም። እናቴ ፍራሹን ቀድማ አንጥፋ ነበር። «አኩርፋብሻለች» ብላ ለአዴ መንገሯ ይሄኔ ነው የገባኝ።

አዴ አጠገቤ ተቀመጠች። «ልጄ፣ አጥፍቼ ከሆነ ንገሪኝ። ለዒድ የላክሁት ሳምቡሳ አነሰ? ልጆቹ መንገድ ላይ በልተውት ነው፤ እኔ የላክሁት ሙሉ ነበር።»

«አዴ፣ ኧረ አላስቀየምሽኝም…»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

መልስ ሳልሰጥ እናቴ ገባችበት። «ቂም ከተባለ፣ እኔም የማወጣው አለኝ» አለች። «የአዴ ፍየል ያሰጣሁትን ነጠላ በልታብኝ እስከዛሬ አልተናገርኩም።»

«ዘርፉን ብቻ ነው የበላችው!»

«ነጠላ ያለ ዘርፍ ምንድን ነው ታዲያ?»

ሌላዋ ሴት ዕድሉን አየችና ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት ልቅሶ ላይ ሰላም እንዳላለቻት አነሳች። ያቺኛዋ ደግሞ የዚያን ቀን መነጽር አላደረግኩም አለች። ተሳሳሙ። ፍየሏ ምሕረት አገኘች። እኔን ያስታወሰኝ ያለ አልመሰለኝም ነበር፤ ቀና ስል ግን ሙሽራዋ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ለኔ ሂና አልስልም ብለሽ ነው አሉ» አለችኝ። «እውነት ነው?»

የሻይ ብርጭቆውን ከነሳህኑ በቀኝ እጄ አነሳሁት። ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ይንጫጫ ጀመር፣ ሻዩ ተንቦጫርቆ ጣቴ ላይ ፈሰሰ። የአፎቻ ሴቶች፣ ከነእናቴ፣ ትንፍሽ አላሉም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፈራችን ኩርፊያ ያልሆነ ዝምታ ገባ።

አዴ ብርጭቆውን ተቀበለችኝና እጄን በሁለት መዳፏ ያዘችው። እዚያም ውስጥ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። «ለካ ያኮረፈው ይሄ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያማ ዝናብ ነው። እናቴ ጸበል አለች፤ ሌላዋ ቁርኣን ይቀራባት፤ ሌላዋ ጥቁር አዝሙድ በማር፤ ሌላዋ የግመል ወተት፣ ለዚያውም የጥቁር ግመል። ሙሽራዋ ግን መሀላቸው ገብታ ተቀመጠች።

«ሌላ ሰው አይነካኝም» አለች።

«ቢጣመምስ?»

«ይጣመም።»

«ይቀርጹታል እኮ! ዱባይ ይደርሳል።»

«ይድረስ። እኔ የማልኩት ለዱባይ ነው እንዴ?»

አቀፈችኝ፣ ተላቀስን፣ ሐልዋው ተበላ። ሁሉም ዕርቁ ሰመረ ብለው ሄዱ። እኔ ግን ያን ቀን ጭራሽ ባሰብኝ። ሌላ ሰው ብትፈልግ ኖሮ መገላገያ ነበር። አሁን እጄ የኔ ብቻ አይደለም፣ የሷም ሆነ።

ወደ ከዚራ ተመለስኩ። የታይዋኗ ለአሠልጣኟ አዝና በሁለት ፌስታል ዘቢብና ተምር ይዛ መጥታለች። አሠልጣኟ የቤት ሥራው እንዴት እንደነበር ስትጠይቅ የባንኳ ልጅ «ጥሩ ነበር» አለች፣ ሌላዋም «ጥሩ ነበር» አለች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ግን እንዴት «ጥሩ ነበር» ብዬ ልለፈው? ከጨው ብጀምር ፍየሏ መጣች፣ ከፍየሏ ወደ ነጠላው፣ ከነጠላው ወደ ልቅሶው። አዴን በአዴ ድምፅ፣ እናቴን በእናቴ ድምፅ አደረግኩላቸው። የታይዋኗ ምንጣፉን በጡጫ ትመታለች። በዚያ ቀን የተኛ ሰው አልነበረም።

አሠልጣኟም እንባዋን እየጠረገች ትስቅ ነበር። ድንገት «እጅሽን እዪው» አለችኝ።

አየሁት። አንዲት ዘቢብ በሁለት ጣቴ መሀል ይዣለሁ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደያዝኳት አላውቅም። ዘቢቧ ንቅንቅ አትልም።

«ሂና ስትስዪ ታወሪያለሽ?»

«ድሮ። አሁን ይቀርጹኛል፣ ድምፅሽ ይገባል ይሉኛል።»

«ዝም ስትዪ ምን ታስቢያለሽ?»

«መስመሩ ወፈረ ይሉኛል ብዬ።»

«እኔ ሳታወሪ ብዪ ያልኩሽ ልብሽ ያለሽበት ቦታ እንዲሆን ነበር። ያንቺ ልብ በዝምታ ጊዜ ዱባይ የሚሄድ ከሆነ ዝምታው ይቅርብሽ። ትንፋሽሽንና የኮኗን ጫፍ አትርሺ፤ አፍሽ የፈለገውን ያድርግ።»

አፌ የፈለገውን እንዲያደርግ የፈቀደልኝ የመጀመሪያዋ የተማረች ሰው እሷ ናት። ደስ ብሎኝ ለሂናው ቀን ጠራኋት። የታይዋኗ ሳልጠራት «መጣሁ» አለች።

የሂናው ቀን የአዴ ቤት በጠዋቱ ሞላ። ፍራሽ ዙሪያውን ተነጥፏል፣ ቬንትሌተሩ እያቃሰተ ይዞራል። ሙሽራዋ ትራስ ላይ እጇን ዘረጋችልኝ። ያ ደቻቱ አሸዋ ላይ የማውቀው እጅ ነው። ኮኗን አነሳሁ። ስልኮቹ ተነሱ። ክፍሉ «እሽሽ» አለ። ትንፋሼን ተከተልኩት፤ ሲገባ አወቅሁት፣ ሲወጣ ግን ጠፋብኝ። የመጀመሪያዋ መስመር ከአንጓዋ ተነስታ እንደሰከረ ሰው ወደ ግራ ሄደች።

ከስልኩ ውስጥ የሙሽራዋ የአጎት ልጅ፣ እሷም ከዱባይ፣ «እሱ መስመር አልተጣመመም?» አለች።

አዴ ተነሳች። ስልኩን ከያዘችው ልጅ ተቀበለችና ዱባይን ከነመብራቷ ትራስ ሥር ከተተቻት። በላይዋ ላይም ተቀመጠችባት።

ሙሽራዋ ወደኔ ጎንበስ አለች። «አውሪኝ» አለች። «ያቺን የዘቢቧን።»

«አሁን?»

«ሳታወሪ እኮ አላውቅሽም።»

ጀመርኩ። ስለ ሹራቡ፣ ስለ «እርስዎ»፣ ስለ ስምንት ሰዓቷ። የታይዋኗ ከወዲያ ጥግ «አላንኮራፋሁም! ትንፋሼን ነው የተከተልኩት!» ብላ ጮኸች። ዘቢቧ ጋ ስደርስ ክፍሉ ፈነዳ። የተጣመመችውን መስመር ሐረግ አደረግኳት፤ ሐረግ ቀጥ ብሎ አድጎ አያውቅም። ከሐረጓ ቅጠል አወጣሁ፣ ከቅጠሉ አበባ። ድንገት መስመሩ እንደገና ተርበደበደ። እጄን አየሁት፤ እንደ ምሰሶ ቆሟል። ሙሽራዋ ናት፤ በሳቅ ትከሻዋ፣ ክንዷ፣ ጣቷ ይንቀጠቀጣል።

«ኧረ ተረጋጊ!» አልኳት። «ትንፋሽሽን ተከተዪ!»

ይባስ ሳቀች። እናቴ መጥታ ክንዷን በሁለት እጇ ይዛልኝ ነው የጨረስኩት።

ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ሰዓት ድሬዳዋ ሠርግም አያውቅም። ሙሽራዋ ሂናዋ እንዳይነካ እጇን ወደ ላይ አድርጋ ተኛች። እናቴ ተኛች፣ የታይዋኗ አንኮራፋች፣ አዴ ዱባይ ላይ ጋደም አለች። አሠልጣኟ «ለኔም ትንሽ ነገር ሳዪልኝ፣ አንድ ነገር ብቻ» ብላ እጇን ሰጥታኝ ነበር። ኮኗን እስካስተካክል ሹራቧን ተንተርሳ ጭልጥ አለች።

የነቃሁት እንደገና እኔ ብቻ ነኝ። ለማን ላውራ? ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ የሰዉ ትንፋሽ ይገባል ይወጣል። የሚሰማኝ ሰው ሳይኖር፣ አፌን ሳልከፍት፣ መዳፏ ጀርባ ላይ አንዲት ፍሬ ዘቢብ ሳልኩላት፣ ከነሽብሽቧ። እስከ መጨረሻዋ ሽብሽብ ድረስ ጠብቄ አየሁ፤ እጄ ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራል። ኮኗን ላስቀምጥ ስል አዴ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ምንድን ነው የሳልሽላት?»

«ዘቢብ።»

አንገቷን ቀና አድርጋ አየች። «አንድ?»

«አንድ ነገር ብቻ ብላኝ ነው፣ አዴ።»

«ለእንግዳ አንድ ፍሬ! ሰው ቢሰማ ምን ይለናል? ጨምሪላት» አለችና ዓይኗን መልሳ ከደነች።

ጨመርኩላት። ስትነቃ ክርኗ ደርሼ ነበር።